እቴጌ ምንትዋብና የዘመናቸው ቅዱሳት ሥዕላት

ሰው የልቡን እምነት የሚገልጸው በአንደበቱ ብቻ አይደለም። በዜማ ይገልጸዋል፥ በጾምና በስግደት ይገልጸዋል፥ በእጁም ሥራ ይገልጸዋል። ከእጅ ሥራዎችም መካከል አባቶቻችን በአብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ፥ በብራናና በእንጨት ገበታ ላይ የተዉልን ቅዱሳት ሥዕላት ከፍ ያለ ስፍራ አላቸው። ይሁን እንጂ ሥዕልን ለማወቅ ዐይን ብቻ አይበቃም። ፊደል ያልቈጠረ ሰው መጽሐፍ ቢገልጥ ቀለሙን ያያል እንጂ ቃሉን አያገኝም፤ እንደዚሁም የሥዕሉን ዘመንና የአሣሣሉን ልማድ ያልተማረ ሰው በፊቱ ቆሞ መልኩን ሲመለከት ምስጢሩ ያመልጠዋል። በዚህም ምክንያት የጥንቱን ሥዕል የሕፃን ሥራ አድርጎ የሚገምት አይጠፋም፤ የገመተውን ይንቃል፤ የናቀውንም ለመጠበቅ አይተጋም።

ስለዚህ ነገር ለማስረዳት የአንዲት ታላቅ ንግሥትን ታሪክ ማንሣት ይበቃል። እርሷም ጎንደርን ከልጃቸውና ከልጅ ልጃቸው ጋር ያስተዳደሩት፥ ደብረ ፀሐይ ቍስቋምንና ናርጋ ሥላሴን ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ ናቸው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአገራችን አቈጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብ።

እቴጌ ምንትዋብ በ1698 ዓ.ም. አካባቢ በቋራ አገር ተወለዱ። እናታቸው ወይዘሮ እንኮዬ ይባሉ ነበር፤ ትውልዳቸውም ከዐፄ ሚናስ ዘር እንደሚደርስ ይነገራል። የክርስትና ስማቸው ወለተ ጊዮርጊስ ነው። ምንትዋብ የተባሉት ስለ መልካቸው ማማር ሲሆን፥ የመንግሥት ስማቸው ደግሞ ብርሃን ሞገሳ ነበረ። ዐፄ በካፋ እርሳቸውን ባገቡ ጊዜ ከቋራ ወጥተው ወደ ጎንደር ቤተ መንግሥት ገቡ፤ ልጃቸውን ኢያሱንም በዚያ ወለዱ።

ዐፄ በካፋ በ1723 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ሲያርፉ ኢያሱ ገና የሰባት ዓመት ያህል ሕፃን ነበሩ። ሕፃኑ ዳግማዊ ኢያሱ ተብለው ሲነግሡ እናታቸው በዚያው ዓመት ዘውድ ጭነው እቴጌ ተባሉና የመንግሥቱን ሥራ በእጃቸው ያዙ። ወዲያውም መኳንንቱ ዐምፀው ቤተ መንግሥቱን ከበቡ፤ ነገር ግን ረዳት ጦር ደርሶ እቴጌይቱንና ልጃቸውን አዳናቸው። ከዚህ በኋላ እቴጌ ምንትዋብ ወንድማቸውን ራስ ወልደ ልዑልንና ሌሎችንም የቋራ ዘመዶቻቸውን በትልልቅ ሹመት አቆሙ። ይህም ለጊዜው ጸጥታን አመጣ፤ ለኋላው ግን የቅያሜ ዘር ሆነ።

በዚህ የጸጥታ ዘመን እቴጌይቱ ልባቸውን ወደ ሕንፃ ቤተ ክርስቲያን መለሱ። ከጎንደር ከተማ በስተምዕራብ ባለው ኮረብታ ላይ ቤተ መንግሥት አሠርተው በአጠገቡ ደብረ ፀሐይ ቍስቋምን ተከሉ። ቍስቋም እመቤታችን ከልጇ ጋር ወደ ግብፅ በተሰደደች ጊዜ የተቀመጠችበት ስፍራ ስም ነው። ሕፃን ልጅ ይዘው ዐመፅና ጭንቀት ያዩት እናት የስደተኛይቱን እናት ማደሪያ ለደብራቸው ስም አድርገው መምረጣቸው ልብ ሊባል የሚገባው ነው። በቤተ መንግሥቱ ግድግዳ ላይ በቀይ ድንጋይ የተቀረጹት መስቀሎች ዛሬም በፍራሹ ላይ ይታያሉ።

እቴጌ ምንትዋብ ሠዓልያንን ሰብስበው ሲያሠሩ ከባዶ አልጀመሩም። ከእርሳቸው በፊት ብዙ ዘመን የቈየ የሥዕል ርስት ነበረና የእርሳቸውን ሥራ ለመመዘን አስቀድሞ ይህን ርስት ማወቅ ያስፈልጋል።

ከእቴጌይቱ ሦስት መቶ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ፥ ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የእመቤታችን ክብር በመላው አገር እንዲሰፋ ብዙ ደክመዋል። ተአምረ ማርያም በቤተ ክርስቲያን እንዲነበብ፥ ሠላሳ ሦስቱ በዓላቷም እንዲከበሩ ሥርዓት አቁመዋል። በእርሳቸው ዘመን ፍሬ ጽዮን የሚባል ሠዓሊ ነበረ፤ የእጁም ሥራ የሆነ ታላቅ ሥዕለ ማርያም በጣና ሐይቅ በዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም እስካሁን አለ። እመቤታችን ልጇን ታቅፋ በመካከል ትታያለች፤ ቅዱስ ሚካኤልና ቅዱስ ገብርኤል በግራና በቀኝ ቆመዋል። የዚያን ዘመን ሥዕል የሚያይ ሰው ጥላ የሌለው መልክ፥ በቀጭን መሥመር የተለየ ልብስና ጸጥ ያለ ፊት ያገኛል። ይህም ሠዓሊው ስላልቻለ የሆነ አይደለም። ሠዓሊው ሊያሳይ የፈለገው ፀሐይ ወጥታ የምትጠልቅበትን ዓለም ሳይሆን ጥላ የማያገኘውን ሰማያዊ ክብር ነውና ጥላ አላስፈለገውም። በአንዳንዱም ሥዕል እመቤታችን አበባ ያለው ቅርንጫፍ ትይዛለች፤ ይህም ከእሴይ ሥር የወጣችውን በትር ለሚያስብ አንባቢ ሙሉ ትምህርት ነው።

ከዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ጥቂት ቈይቶ ብራንካሌዎን የሚባል የቬኒስ ሰው ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ተቀመጠ፤ በአገራችንም መርቆሬዎስ ተባለ፤ በነገሥታቱም ፈቃድ በብዙ ስፍራ ሣለ። በ1512 ዓ.ም. ወደ አገራችን የገባው የፖርቱጋል ቄስ አልቫሬዝ ስለዚህ ሠዓሊ አንድ ነገር ጽፎ አልፏል። ይኸውም በአትሮንሰ ማርያም ቤተ ክርስቲያን እመቤታችንን ሲሥል እንደ አገሩ ልማድ ሕፃኑን በግራ ክንዷ ስላደረገው ታላቅ ሁከት መነሣቱ ነው። በአገራችን ልማድ ቀኝ የክብር፥ ግራ የውርደት ስፍራ ነውና ሕዝቡ አምላክ የተዋረደ መሰለው። ሠዓሊው ክፉ አላሰበም፤ ሕዝቡም ያለ ምክንያት አልተቈጣም። አንዱ ሥዕል በሁለት አገር ሁለት ቋንቋ ተናገረ እንጂ። አትሮንሰ ማርያም በግራኝ ጦርነት ስለ ተቃጠለች ያን ሥዕል ዛሬ የሚያየው የለም።

የሚያስደንቀው ግን ከዚህ በኋላ የሆነው ነው። ከመቶ ዓመት ያህል በኋላ ኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን በሮም ከተማ እጅግ የከበረውን የእመቤታችንን ሥዕል ቅጂ ወደ አገራችን አመጡ። በዚህ ሥዕል እመቤታችን እጆቿን አስተላልፋ፥ በእጇም መሐረብ ይዛ ትታያለች፤ ሕፃኑም በግራ ክንዷ ላይ ነው። ዐፄ ሱስንዮስ በ1624 ዓ.ም. የአባቶች ሃይማኖት እንዲመለስ ዐዋጅ ነገሩ፤ ልጃቸው ዐፄ ፋሲልም ሚሲዮናውያኑን ከአገር አስወጡ። ትምህርታቸው ከአገር ሲወጣ ሥዕሉ ግን ቀረ። ሊቃውንቱ መረመሩት፤ ሕፃኑ በግራ ክንድ ላይ ቢሆን እናቱ በቀኙ እንደምትገኝ፥ ይህም ንጉሡ ዳዊት በመዝሙሩ ንግሥቲቱን በቀኝ ካቆመበት ነገር ጋር እንደሚስማማ አስተዋሉ። ሠዓልያኑም የእመቤታችንን ፊት የአገራችን ሰው ፊት አደረጉት፤ ሚካኤልንና ገብርኤልንም ከነሰይፋቸው በሁለቱ ወገን አቆሙ። ምስለ ፍቁር ወልዳ የምንለው፥ ዛሬ በየደብሩ የምንሳለመው ሥዕል በዚህ መንገድ የመጣ ነው። እንግዲህ አንዱ ትውልድ የተቈጣበትን አኳኋን ሌላው ትውልድ ምስጢሩን አግኝቶ ሰገደበት። ቤተ ክርስቲያን ከውጭ የመጣውን ሁሉ አልተቀበለችም፤ ሁሉንም አልጣለችም፤ በራሷ ሚዛን መዝና የሚስማማውን የራሷ አደረገች።

ጎንደር በተቈረቈረች በመጀመሪያው ዘመን ሠዓልያን በደማቅና በንጹሕ ቀለም ይሠሩ ነበር። ቀዩ ቀይ፥ ቢጫው ቢጫ፥ ሰማያዊውም ሰማያዊ ሆኖ ሳይቀላቀል ይታያል፤ የልብሱ እጥፋት በመሥመር ብቻ ይለያል። በአገራችንም ሥዕል የቈየው ልማድ ይጠበቃል፤ ጻድቃንና ሰማዕታት ፊታቸው ሙሉ፥ ዐይናቸውም ሁለት ሆኖ ሲሣሉ፥ ከሓድያንና ርኩሳን መናፍስት በአንድ ወገን ዞረው በአንድ ዐይን ይታያሉ። የሚከበረው ሰው ከሌሎቹ ገዝፎ ይሣላል። ይህን ሕግ የሚያውቅ ምእመን ጽሑፉን ማንበብ ባይችል እንኳ ማን ወዳጅ ማን ጠላት እንደ ሆነ ከሩቅ ይለያል።

እቴጌ ምንትዋብ በነገሡበት ዘመን ሌላ የአሣሣል መንገድ ተነሣ፤ የሥዕል ተመራማሪዎች ሁለተኛው የጎንደር አሣሣል የሚሉት ነው። በዚህ ዘመን ፊትና እጅ በጥላና በብርሃን እየተለየ ሥጋ የለበሰ መስሎ ታየ። የሥዕሉም መደብ አንድ ቀለም ብቻ መሆኑ ቀርቶ ከቢጫ ወደ ቀይ ወይም ወደ አረንጓዴ ቀስ እያለ የሚለወጥ ሆነ። ሐርና ግምጃው፥ አበባ የተጣለበት ከህንድ አገር የመጣው ጨርቅ፥ ካባውና ለምዱ ሁሉ በጥንቃቄ ተሣለ። በቤተ መንግሥት የሚለበሰውን ክቡር ልብስ ሠዓልያኑ ለእመቤታችንና ለቅዱሳን አለበሱ።

ይህን የሚያይ ሰው ሁለት ነገር ሊል ይችላል። አንዱ የምድር ክብር ወደ ሥዕል ገባ ብሎ ያዝናል፤ ሌላው የምድር ክብር ለሰማይ ንግሥት ተሰጠ ብሎ ደስ ይለዋል። ከሁለቱ የትኛው እንደ ሆነ ለመፍረድ እቴጌይቱ ራሳቸውን በየት እንዳስቀመጡ መመልከት ያስፈልጋል።

በጣና ሐይቅ ውስጥ ካሉት ደሴቶች ትልቁ ደቅ ነው። እቴጌ ምንትዋብ በዚያ የናርጋ ሥላሴን ቤተ ክርስቲያን አሠሩ። ሕንፃው ክብ ነው፤ የመቅደሱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በሥዕል ተሸፍኗል። ከእነዚህም ሥዕላት በአንዱ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ ትታያለች፤ ከእግሯም በታች አንዲት ሴት በምድር ላይ በግንባሯ ተደፍታለች። ይህች ሴት እቴጌ ምንትዋብ ናቸው። መኳንንት በፊታቸው የሚሰግዱላቸው ንግሥት በሥዕሉ ላይ ሰጋጅ ሆነው ተገኙ። በቤተ መንግሥት ዙፋኑ የእርሳቸው ነበር፤ በቤተ እግዚአብሔር ግን የመረጡት ምድሩን ነው። የከበረውን ልብስ ለለበሰችው እናት የክብሩን ስፍራ ለቀው፥ ለራሳቸው የለማኝን ስፍራ ያዙ። ስለዚህ በሥዕሉ ላይ የፈሰሰው ሐርና ግምጃ የንግሥቲቱ ትዕቢት ሳይሆን መባቸው መሆኑን ሥዕሉ ራሱ ይመሰክራል።

የናርጋ ሥላሴና የዳጋ እስጢፋኖስ ደሴቶች ጎረቤታሞች ናቸው። የፍሬ ጽዮን ሥዕልና የምንትዋብ ዘመን ሥዕል ሦስት መቶ ዓመት ቢራራቁም በአንድ ታንኳ ጉዞ የሚደረስባቸው ናቸው። አንደኛው ጥላ የለውም፥ ሁለተኛው ጥላ አለው፤ አንደኛው በመሥመር፥ ሁለተኛው በቀለም መለዋወጥ ይናገራል። እናቲቱና ልጇ ግን በሁለቱም አንድ ናቸው። ቋንቋው ተለወጠ፤ የተነገረው ቃል አልተለወጠም።

በእቴጌይቱ ዘመን የሆነ ሌላ ነገርም የሥዕልን ክብር ያስረዳል። ኵርዓተ ርእሱ የሚባለው፥ ጌታችን የእሾህ አክሊል ደፍቶ የሚታይበት ሥዕል በጎንደር ነገሥታት ዘንድ እጅግ የተከበረ ነበር። የባሕር ማዶ ሰው እጅ የሣለው ቢሆንም አገራችን ተቀብላ የራሷ አድርጋው ነበር፤ ነገሥታቱም ወደ ጦርነት ሲወጡ ይዘውት ይዘምቱ ነበር። ዳግማዊ ኢያሱ በ1736 ዓ.ም. በስናር ላይ ዘምተው ድል በሆኑ ጊዜ ሥዕሉ በጠላት እጅ ወደቀ። ከዚያም ገንዘብ ተከፍሎበት ተመለሰ፤ በጎንደርም ታላቅ ደስታ ሆነ። አንድ የተሸነፈ መንግሥት ስለ አንድ ሥዕል መመለስ ይህን ያህል ደስ ካለው፥ ሥዕሉ ለዚያ ትውልድ ጌጥ ብቻ እንዳልነበረ ግልጽ ነው።

ከዚህ በኋላ የእቴጌ ምንትዋብ ታሪክ ወደ ኀዘን ይዞራል። ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ በ1747 ዓ.ም. ዐረፉ። የልጅ ልጃቸው ኢዮአስ ገና በሕፃንነታቸው ነገሡና እቴጌይቱ እንደ ገና ሞግዚት ሆኑ። ነገር ግን የሕፃኑ ንጉሥ እናት የወሎዋ ውቢት ነበሩና የእርሳቸው ዘመዶች ወደ ቤተ መንግሥት ገቡ፤ በቋራ ወገንና በወሎ ወገን መካከልም ፉክክር ተነሣ። ቀድሞ በዘመድ የቆመው ሹመት አሁን በዘመድ ተፈተነ። ዐፄ ኢዮአስ ኀይል ፍለጋ ራስ ሚካኤል ስሑልን ከትግራይ ጠሩ። ራስ ሚካኤል የእቴጌይቱን ልጅ ወይዘሮ አስቴርን ያገቡ ነበሩ፤ ሆኖም ከንጉሡ ጋር ተጣልተው በ1761 ዓ.ም. አስገደሏቸው። የዘመነ መሳፍንት መጀመሪያ ተብሎ የሚቈጠረው ይህ ዓመት ነው።

እቴጌ ምንትዋብ ልጃቸውን ቀብረው የልጅ ልጃቸውንም ቀበሩ። ሥልጣናቸው ከእጃቸው ወጥቶ ነበርና ወደ ቍስቋም ገብተው በዚያ ተቀመጡ። የስኮትላንድ ሰው የሆነው መንገደኛ ጀምስ ብሩስ በ1762 ዓ.ም. ጎንደር ሲገባ ያገኛቸው በዚያ ነበር፤ በፈንጣጣ ጊዜም የእቴጌይቱ ቤተሰብ ሕሙማንን አስታመመ። በሰኔ ወር 1765 ዓ.ም. እቴጌይቱ ዐርፈው በቍስቋም ተቀበሩ። ዘውድ ከጫኑ አርባ ሁለት ዓመት ሆኗቸው ነበር።

ከሞታቸው በኋላ ያሠሯቸው ነገሮች ሁሉ አልተረፉም። ዐፄ ቴዎድሮስ ብዙ የጎንደር መጻሕፍትን ወደ መቅደላ ወስደው ነበር፤ በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን በያዘ ጊዜ ብዙዎቹ መጻሕፍት፥ ከእነርሱም ጋር ኵርዓተ ርእሱ፥ ወደ ባሕር ማዶ ሄዱ። መጻሕፍቱ በብዛት በሎንዶን ሲቀመጡ ኵርዓተ ርእሱ ወደ ጎንደር ሳይመለስ ቀረ። በ1880 ዓ.ም. ደርቡሾች ጎንደርን ሲያቃጥሉ የቍስቋም ቤተ ክርስቲያን ከነሥዕሉ ተቃጠለ፤ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ግን ተረፈ። ቍስቋም በኋላ ዘመን ዳግመኛ ታንጿል፤ የቀደመው ሥዕል ግን አልተመለሰም። የናርጋ ሥላሴን ሐይቁ ጠበቀው። እንግዲህ የንግሥቲቱ ቤተ መንግሥት ፈረሰ፥ ዘራቸው በዙፋን ላይ አልቈየም፥ የሾሟቸው መኳንንትም አለፉ። የተደፋችው ሴት ሥዕል ግን በደሴቲቱ ላይ አለች፤ ከዙፋኑ ይልቅ ስግደቱ ረጅም ዕድሜ አገኘ።

ከዚህ ታሪክ ካህናትም ምእመናንም ልንማር የሚገባን ነገር አለ። መጀመሪያው፥ የአንዱን ዘመን ሥዕል በሌላው ዘመን ሚዛን አለመመዘን ነው። የፍሬ ጽዮንን ሥዕል ጥላ የለውም ብሎ የሚነቅፍ፥ የምንትዋብን ዘመን ሥዕል ሐርና ግምጃ በዛበት ብሎ የሚነቅፍ፥ ሁለቱም ሳያነቡ የሚፈርዱ ናቸው። ከመፍረድ በፊት ማን አሠራው፥ ለየትኛው ሕዝብ ተሠራ፥ ቀኙና ግራው፥ ቀለሙና ልብሱ ለዚያ ሕዝብ ምን ይናገር ነበር ብሎ መጠየቅ ይገባል። የሰጪውን ስም፥ የመላእክቱን ስም፥ አንዳንድ ጊዜም የሠዓሊውን ስም የያዘውን በሥዕሉ ላይ ያለውን የግእዝ ጽሑፍ ቀርቦ ማንበብ ለዚህ ይረዳል።

ሁለተኛው፥ የተረፈውን መጠበቅ ነው። የጎንደር ዘመን የግድግዳ ሥዕል ብዙውን ጊዜ በጥጥ ጨርቅ ላይ ተሥሎ በግድግዳው ላይ የተለጠፈ ነው። ጣራው ካፈሰሰ ውኃው ጨርቁን ያላቅቀዋል፤ የጧፍና የዕጣን ጢስ ያጠቍረዋል፤ ምእመናን በእጃቸው እየዳሰሱ ሲሳለሙት ቀለሙ ይነሣል። ይህ ሁሉ ጕዳት ቢሆንም ከሁሉ የሚከፋው ግን በቅንነት የሚደረገው ነው። ይኸውም ሥዕሉ አረጀ፥ ደበዘዘ በማለት በላዩ ላይ በሚያብለጨልጭ የዘይት ቀለም እንደ ገና መሣል፥ ወይም የጥንቱን ገፎ በምትኩ አዲስ የታተመ ሥዕል መስቀል ነው። ይህን የሚያደርገው ሰው ቤተ ክርስቲያንን ያስጌጠ ይመስለዋል፤ ነገር ግን አባቶች የጻፉትን ገጽ ፍቆ የራሱን እንደ ጻፈ ሰው ነው። ደርቡሽ በእሳት ያደረገውን እኛ በቀለም ብሩሽ ብናደርገው ለተከታዩ ትውልድ ልዩነቱ ምንድን ነው? ስለዚህ ቄሰ ገበዙም የሰበካው ሽማግሌዎችም አስቀድመው ጣራውን ያስጠግኑ፤ ሥዕሉን ግን ሙያው ያለው ሰው ሳያየው አይንኩት፤ አዲስ ሥዕል ማሠራት ቢፈልጉ ባዶ ግድግዳ ይፈልጉለት።

አዲስ ማሠራት ነውር አይደለም። እቴጌ ምንትዋብም በዘመናቸው አዲስ አሠርተዋል። ነገር ግን አዲሱን ለማሠራት የፍሬ ጽዮንን ሥዕል ከዳጋ አላስወረዱም፤ በሌላ ደሴት የራሳቸውን ሠሩ እንጂ። እኛም ከቀደሙት የተቀበልነውን ሳናጐድል የራሳችንን ብንጨምር፥ ስንጨምርም እንደ እቴጌይቱ ለራሳችን የታችኛውን ስፍራ ብንመርጥ፥ ከእኛ በኋላ የሚመጡት እጃችንን ይባርካሉ።

ለአበው የእጅ ጥበብን ያደለ አምላክ ለእኛም ማስተዋሉንና መጠበቁን ያድለን፤ አሜን።